ቢጫው ከረጢት

ቅቤ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ቅቤ ሻጭ ነው። ይህን የምለው ራሴን ጨምሬ ነው። ሶዶ ገበያ ቅቤ ተራ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ሙዝ የተለወሰበት፣ ድንች የተቀበረበት፣ አንዴማ መሐሉ ላይ ጨርቅ የታጨቀበት ቅቤ በእጄ አልፏል። ስንጥር እስከ መሐሉ ሰድጄ አውጥቼ ሳሸተው ቅቤው ስንት ቀን እንደቆየ፣ ላሟ ሣር ትብላ ገለባ፣ የሸጠችልኝ ሴት ደግሞ ምን እንዳሰበች አውቃለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ገበያው አስተማረኝ። ገበያ የወደቀ ተማሪን ክፍል አያስደግምም፤ ከነሸክሙ ወደ ቤቱ ነው የሚሸኘው።

ስሜ አስቴር ነው። ገበያ መጥታችሁ «አስቴር ቅቤ» ካላላችሁ ግን የሚያሳያችሁ አታገኙም።

ሦስት ልጆች ወልጃለሁ። አንዱንም አላሳደግሁም። ከእነሱ በፊት የመጀመሪያው ጽንስ ሳይደርስ ወጣ፤ በሸክም ነው ተባለ። ተከታዮቹ ሦስቱ ግን ደርሰው ተወለዱ፤ አልቅሰዋል፤ ሁለቱ ጡት ይዘዋል። ቢጫ ነበሩ። የዓይናቸው ነጭ ሳይቀር፣ ላሞች ለምለም ሣር ሲጠግቡ እንደሚወጣው የክረምት ቅቤ ቢጫ። ሴቶቹ ሲያዩአቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። በመጨረሻው ጊዜ አንድ ሐኪም ደሜን አስመርምሮ «ኦ ኔጌቲቭ ነሽ፤ ሾተላይ ነው» አለኝ። ብዙ ነገር ተናግሯል፤ እኔ ግን በዚያ ቀን ጆሮ አልነበረኝም። ሾተላይን ከእናቴ አፍ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ልጅ የሚበላ ነገር ነው። ከሐኪሙ ንግግር የገባኝ አንድ ብቻ ነበር፦ ልጆቼን የገደላቸው የእኔው ደም ነው።

ባሌ ማርቆስ ክፉ ሰው አልነበረም። ዘመዶቹ ሲገፉት ሲገፉት ገሱባ ሄዶ ቀረ፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። አልተጣላንም። ሰው ለመጣላትም የሚጣላበት ነገር ያስፈልገዋል፤ እኛ ቤት ምንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዘኝ። ሕፃን የታቀፈች ሴት ቅቤ ልትገዛ ስትመጣ ሌላው ነጋዴ ቦርሳዋን ያያል፤ እኔ የልጁን ዓይን ነው የማየው። ነጭ ከሆነ እፎይ እልና ምራቂ እጨምርላታለሁ። ከመደብሬ ትይዩ ስኳርና ዘይት የሚያከፋፍለው ሸምሱ፣ አባቱ ከስልጤ መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ ይህን አይቶ ይስቅብኛል። «አስቱ፣ ልጅ ያዘለ ሁሉ ይመረቅለታል እንዴ? እኔም ነገ የጎረቤት ልጅ ተውሼ እመጣለሁ» ይላል። ምክንያቱን ነግሬው አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

እንዲህ ሆኜ ነው ያ ቅዳሜ የመጣብኝ።

ገበያው ገና እየሞላ ነበር። የጉባኤ ማስታወቂያ የሚነገርበት ባጃጅ ድምፅ ማጉያውን ጣራው ላይ አስሮ በቅቤ ተራ በኩል ገባ። እኛም የለመድነው ስለሆነ ቀና አላልንም። ድምፁ ግን የሰባኪ አልነበረም።

«ኦ ኔጌቲቭ! ኦ ኔጌቲቭ ደም ያላችሁ፣ በጌታ! ሚስቴ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል! የነበረው አንድ ከረጢት ተሰጥቷት አልቋል!»

ስንጥሬን ቅቤው ውስጥ እንደሰካሁ ቀረሁ። ከፊቴ የቆመችው ገዢ «ምስኪን» አለችና ዋጋ ወደ መከራከር ተመለሰች። እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላውቅም። በሆዴ የማስበው ሌላ ነበር፦ ይህ ልጅ የሚለምነው ደም በእኔ ክንድ ውስጥ አለ፤ ግን ያ ደም ሦስት ልጆች በልቷል። መርዝ እንዳለው የምታውቀውን ቅቤ ለተራበ ሰው ትሸጣለህ?

ባጃጁ በእህል ተራ ዞሮ ተመለሰ። አሁን ድምፁ ተሰብሯል። «ኦ ኔጌቲቭ...» ብሎ ይጀምርና መጨረስ ያቅተዋል። ሦስተኛ ሲዞር ስሟን ጠራ። «ቤተል ነው ስሟ» አለ፤ ስሟን ብናውቅ ደማችን የሚለወጥ ይመስል። «ሃያ ዓመቷ ነው። ቤተል ነው ስሟ።»

ስሟን ባይናገር ኖሮ ተቀምጬ እቀር ነበር ይሆናል።

መንገዱ መሐል ገብቼ ባጃጁን አስቆምኩት። ልጁ ማይኩን እንደያዘ አፈጠጠብኝ፤ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ በሞተር ሳይክል አቧራ የተለሰነ ልጅ ነው። ኤርምያስ ይባላል፤ ቢጠና ከተማ በሞተር ሰው የሚያመላልስ።

«ኦ ኔጌቲቭ ነኝ» አልኩት።

እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል በኮሌታው ያዝኩት። «ተነሥ፤ ጊዜ የለህም። ደግሞ አስቀድመህ አታመስግን፤ ደሜ ጥሩ ደም አይደለም።»

«ምን ማለትዎ ነው፣ እናቴ?»

«ለሐኪሙ ነው የምናገረው። ሸምሱ! መደብሬን እይልኝ!»

ሸምሱ ከዘይቱ በርሜል ጀርባ ብቅ አለ። «እኔ ስለ ቅቤ ምን አውቃለሁ?»

«አትሽጥ። ዝም ብለህ ተቀምጠህ አስፈራራ።»

የደም መስጫው ውስጥ የተቀበለኝ የላቦራቶሪ ባለሙያ አብርሃም ይባላል፤ መነጽሩ ከፊቱ የሚሰፋ ወጣት ነው። ክብደቴን መዘነ፣ ጣቴን ወጋ፣ ግፊቴን ለካ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። በሽታ አለብዎት? መድኃኒት ይወስዳሉ? ሁሉንም የለም አልኩ።

«ልጆች አልዎት፣ እትዬ አስቴር?»

ወደ በሩ አየሁ። ኤርምያስ በሩ ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

«ስማ ወንድሜ» አልኩት። «ደሜ ሕፃን ይገድላል። ሦስት ገድሏል። ሾተላይ ነው። አስበህበት ውሰድ።»

ይደነግጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን እስክሪብቶውን አስቀምጦ መነጽሩን አወለቀ። «ይህን መናገርዎ ጥሩ ነው» አለ በቀስታ። «ደምዎን እንወስዳለን። ግን ከፋፍለን ነው የምንጠቀመው። ለልጅቷ የሚሆናት አለ፤ ለማንም የማንሰጠው ደግሞ አለ። ይተኙ።»

ከፋፍለን ሲል እፎይ አልኩ። መርዙን ሊያወጡልኝ ነው ብዬ ነው። ደሜ ሞቆ ክንዴን እየታከከ በቱቦው ሲወርድ ጣራውን አያለሁ። ከረጢቱ አልጋው ሥር ባለች ትንሽ ሚዛን ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። እሹሩሩ እንደሚባል ልጅ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከዚያ ለስላሳና ብስኩት ሰጥተው አስቀመጡኝ። መመርመር አለበት፣ ከእሷም ደም ጋር መተያየት አለበት አሉ። የኤርምያስ ስልክ በየጊዜው ይጮሃል፤ ሆስፒታል ያሉት እናቱ ናቸው። በወላይትኛ ያወሩታል፤ እሱ «እየመጣ ነው፣ እየመጣ ነው» ይላቸዋል። አንዴ ግን ስልኩን ሳያነሣው ቆይቶ ለእኔ አሳየኝ። «ሞታለች ሊሉኝ ቢሆንስ?»

«አምጣ» ብዬ እኔ አነሣሁት። «ሳሮ፣ እናቴ» አልኩ።

«ከንፈሯ ነጣ» አሉኝ ሴትዮዋ። «ታ ናዬ፣ የእኔ ልጅ፣ ቶሎ በሉ። ልጄ ነጣችብኝ።»

ከውስጠኛው ክፍል የማሽን ድምፅ ይሰማል። ክብ ነገር የሚያሽከረክር ድምፅ ነው። የሚናጥ ነገር ድምፅ ሰምቼ ቁጭ ማለት አልችልም፤ ሥራዬ ነው። ተነሥቼ በሩን ገፋ አደረግሁ።

«ምን እየናጣችሁ ነው?»

«የእርስዎን ደም» አለ አብርሃም። «መግባት ክልክል ነው፣ እትዬ።»

«አልገባሁም፤ በሩ ላይ ነኝ።»

ማሽኑ ቆመ። ከረጢቱን ቀስ አድርጎ አወጣው። አያችሁ፣ የገዛ ደሜን በሕይወቴ አላውቀውም ነበር። ሲፈስ ቀይ፣ ሲደርቅ ጥቁር፤ በቃ። አሁን ግን ከረጢቱ ውስጥ ተለይቶ ተቀምጧል። ከላይ ግማሹ ቢጫ ነው፤ ተነጥሮ የጠለለ የክረምት ቅቤ ቁርጥ እሱን። ከታች ወፍራም ጥቁር ቀይ። በሁለቱ መሐል እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ስስ ነጭ ነገር።

አብርሃም ከረጢቱን በሁለት ሰሌዳዎች መሐል አድርጎ ጫነው። ቢጫው በቱቦ ወደ ሌላ ከረጢት ተሻገረ። ቱቦውን ቆረጠ። ቢጫው ከረጢት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ የመስቀል ምልክት አድርጎ ጥግ አኖረው። ምርመራውና ማስተያየቱ ሲያልቅም ጥቁሩን በሣጥን ይዞ ወደ በሩ መጣ።

በሩ ላይ እኔ ነኝ ያለሁት።

«የት ነው የምትወስደው?»

«ለወላዷ ነዋ! ይለፉኝ።»

«አተላውን?»

«ምን?»

«አተላውን ነው ወይ የምትሰጣት? እኔ ወተት ስንጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከላይ የሚንሳፈፈው ነው ዕቃው፤ ከታች የሚቀረው ለጥጃ ነው የሚሰጠው። ልጆቼን የበላው ይኼ የዘቀጠው ነው። አንተ ንጹሑን ቅቤ ጥግ አስቀምጠህ ጥቁሩን ለሰው ልጅ ልትሰጥ ነው?»

ኤርምያስ መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል። «እናቴ፣ ልጆቼን የበላው ነው ያሉት?» አለኝ። ከዚያ ወደ አብርሃም ዞረ። «ይሄ ደም ልጅ ይበላል ነው የምትሉኝ? ለቤተል ይሄን ነው የምትሰጧት?»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ማንም አላነሣውም።

ያንን በር እስከ ዛሬ ድረስ አስበዋለሁ። አንዲት ልጅ ከዚያ ማዶ እየነጣች ነው፤ እኔ ደግሞ የማውቀውን ነገር ሁሉ ይዤ በሩን ዘግቻለሁ። ገፍቶኝ ሊያልፍ ይችል ነበር። ኤርምያስን ግን ገፍቶ ማለፍ አይችልም፤ ባል አልፈልግም ካለ ነገሩ ይጓተታል። አብርሃምም ይህን አውቆ ነው መሰለኝ ሣጥኑን ደረቱ ላይ አቅፎ ቶሎ ቶሎ ተናገረ።

«እትዬ፣ በወተት ልክ ነዎት። ደም ግን እንደ ወተት አይደለም። ቀዩ የዘቀጠው አተላ ስለሆነ አይደለም፤ ሸክም ስላለበት ነው። ተሸካሚ ነው። ከሳንባ አየር ተሸክሞ ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለእግር ጣት ሳይቀር ያደርሳል። ልጅቷ አሁን ትተነፍሳለች፤ አየሩ ይገባል፤ የሚያደርስላት ተሸካሚ ነው ያለቀባት። ገበያ ውስጥ ዕቃ ሞልቶ ተሸካሚ ሲጠፋ ምን ይሆናል?»

«ይበሰብሳል» አልኩ ሳላስበው።

«እሷም እንደዚያ ናት።»

«ነጩስ?»

«ነጩ ዘበኛ ነው፤ በሽታ ሲገባ የሚይዝ። ከሱ ጋር ደግሞ ቁስል የሚደፍኑ ደቃቆች አሉ፤ ፕላትሌት እንላቸዋለን። ዕቃዎ ሲሰነጠቅ እንደሚመርጉት።»

«ቢጫውስ? ቢጫው ምን አደረገ?»

ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። «ቢጫው ፕላዝማ ነው። አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሁሉም የሚንሳፈፍበት ወንዝ በሉት። ምግብም ጨውም ይዞ ይዞራል። ዘበኞቹ ደግሞ አንዴ ያዩትን እንግዳ እንዳይረሱት የመያዣ ወጥመድ ሠርተው እዚያ ውስጥ ይበትናሉ። ወጥመዱ የዚያን እንግዳ መልክ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«በእኔ ውስጥ የማንን መልክ ነው የሚያውቀው?»

«የልጆችዎን» አለኝ።

ከበሩ ግን አልተንቀሳቀስኩም። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። የልጆቼ ቀይ ደም ላይ ከአባታቸው የወሰዱት ምልክት አለ፤ እኔ የሌለኝ። የመጀመሪያው ጽንስ ሲወጣ ጥቂት ደሙ ወደ እኔ ሾለከ። ዘበኞቼ እንግዳ ነው ብለው መልኩን ያዙ። ቀጥለው የመጡት ልጆቼ በዚያ መልክ ታወቁ፤ ቀያቸው እየተያዘ ፈረሰ። ቀይ ደም ሲፈርስ ደግሞ ቢጫ ነው የሚሆነው። የቆዳቸው ቢጫነት የፈረሰው ደማቸው ነበር። «እርስዎ መርዝ አይደሉም፣ እትዬ። የተረገሙም አይደሉም። ደምዎ ያልተሳሳተ ዘበኛ ነው፤ ልጅዎን ከሌባ የሚለይበት መንገድ ያልነበረው። ቀዩን እንስጣት። ቀዩ ንጹሕ ነው፤ ማንንም አይጎዳም።»

ኤርምያስ ወደ እኔ አየ። አብርሃምን ሳይሆን እኔን። ፍርዱን ለእኔ ሰጠኝ።

ከበሩ ላይ ፈቀቅ አልኩ። «ሩጡ» አልኳቸው።

ሮጡ። እኔ ክፍሉ ውስጥ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። መግባት ክልክል ነው ያለኝም የለ። ቢጫው ከረጢት ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ መስኮቱ በኩል ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል። ልጆቼ ፎቶግራፍ የላቸውም። መቃብራቸው ላይ ድንጋይ እንኳ አላኖርንም፤ ጨቅላ አይለቀስለትም ተባለ። ማርቆስ ረስቷቸው ይሆናል፤ አልፈርድበትም። እነሱን የሚያስታውስ ከእኔ ሌላ በምድር ላይ የለም ብዬ ነበር የኖርኩት። ለካ ደሜ ያስታውሳቸዋል። እኔ ፊታቸው እየደበዘዘብኝ ስመጣ፣ እሱ መልካቸውን ጠብቆ በየሥሬ እየዞረ ይፈልጋቸዋል። ይጠላቸዋል በሉ፣ ግድ የለኝም። የሚያስታውሳቸው እሱ ነው።

በጣቴ ነካ አደረግሁት። ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ቤተል ተረፈች። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ስደርስ ከንፈሯ ላይ ቀለም ተመልሶ ነበር። አማቷ ወይዘሮ ታደለች ሁለት እጄን ይዘው በወላይትኛም በአማርኛም መረቁኝ። ሕፃኗን አስታቀፉኝ፤ ሴት ናት። ወደ መስኮቱ ወስጄ የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣቴ ከፈት አደረግሁ። ነጭ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ የእናቷ ዘበኞች ገና አላወቋትም።

«ምን ታያለሽ?» አሉኝ ወይዘሮ ታደለች።

«ምንም» አልኩ። «ልማድ ነው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ገንፎ የሚሠራበት ቅቤ ይዤላቸው ሄድኩ። አዋላጇ ነርስ ለኤርምያስ የምትነግረውን ሰማሁ። የሕፃኗ ደም ፖዘቲቭ ነው፤ ቤተል ከወለደች ሦስት ቀን ሳይሞላ አንድ መርፌ መወጋት አለባት፤ መርፌው አሁን እዚህ የለም፤ ካገኛችሁ ግዙ፤ ካልሆነ የሚቀጥለው ልጅ ያሰጋል። ኤርምያስ ራሱን ይነቀንቃል። የሚቀጥለው ልጅ የሚለው ቃል ለእሱ ገና ሩቅ አገር ነው፤ ሚስቱ ተርፋለች፣ ልጁ ታለቅሳለች፣ ምን ቀረው?

ወይዘሮ ታደለች ጓዛቸውን ማሰር ጀምረዋል። «ነገ በጠዋት ቢጠና እንገባለን። መርፌ መርፌ እያሉ ሰው ይይዛሉ። ጌታ አድኗታል፤ አሁን ገንፎና እረፍት ነው የሚያስፈልጋት።»

«አትሄዱም» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ዋጋ ስከራከር በምጠቀምበት ድምፅ ነበር።

«ማን ናት የምታዝዘን?» አሉ ወይዘሮ ታደለች። ወዲያው ደግሞ ደሜ የማን አካል ውስጥ እንዳለ ትዝ ሲላቸው ለስለስ አሉ። «ልጄ፣ ደም ሰጥተሻል፤ ጌታ ይባርክሽ። ግን የቤታችንን ነገር ለእኛ ተዪው።»

ያኔ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን የተናገርኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ቤተል እየሰማችኝ፣ ስለ ሦስቱም። የትኛው ጡት እንደያዘ፣ የትኛው ጣቴን ጨብጦ እንደሄደ። አላለቀስኩም፤ እንደ ዕቃ ዝርዝር ነው ያወራሁት፤ ሌላ አወራር አላውቅም።

ወይዘሮ ታደለች ገመዱን እንደያዙ ቆዩ። «ቀለማቸው ምን ነበር?» አሉኝ።

«ቢጫ።»

ገመዱን ለቀቁት። «የታላቅ እህቴ ልጆች» አሉ። «ከመጀመሪያዋ በቀር ሁሉም። መንፈስ ነው ብለን ስንት ጸለይን።» ከዚያ ለልጃቸው ዞረው በወላይትኛ አጠር ያለ ነገር ተናገሩ። ኤርምያስ ጓዙን መፍታት ጀመረ።

መርፌውን ፍለጋ ወጣሁ፤ ግን እሑድ ቀን ነው። የሶዶን መድኃኒት ቤት ሁሉ አካለልኩ፤ የተከፈተው የለውም፣ ያለው ይሆናል ያሉኝ ተዘግቷል። መጨረሻ ላይ ሸምሱ ጋ ገባሁ።

«እናንተ እሑድ ስትዘምሩ አገሩን የሚጠብቀው ማን ይመስልሻል?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው ግን ቀልዱን ተወ። ሐዋሳ ላለ ወንድሙ ደወለ፤ ወንድሙ ለአንድ ፋርማሲ ደወለ፤ መርፌው አለ። ዋጋውን ሸምሱ ነው የከፈለው፤ ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። በነጋታው ዘይት ጭኖ በሚመጣው የእሱ መኪና ይላካል ተባለ።

«በረዶ ውስጥ ይሁን፣ ግን እንዳይረጋ» ብሎ አብርሃም በስልክ አስጠነቀቀኝ። ይህንንስ ለእኔ ማስተማር አያስፈልግም። ለሐዋሳው የሸምሱ ወንድም እኔ ራሴ በስልክ አስረዳሁት፦ በረዶውን ከታች፣ ከላዩ የኮባ ቅጠል ደርብ፣ መድኃኒቱን ከነካርቶኑ፣ እንደገና ቅጠል። ቅቤዬን በሙቀት ቀን እንደዚያ ነው የምልከው፤ ይቀዘቅዛል፣ ድንጋይ አይሆንም።

ሰኞ መኪናው ዘገየ። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ፣ ተቀየረ፣ ደግሞ ሌላ ነገር። ሸምሱ በየጊዜው ይደውላል፤ እኔ ደግሞ መደብሬን ትቼ ከከተማው መግቢያ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። ሦስት ቀኑ ነገ ጠዋት ይሞላል። ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲከመር አያለሁ። ያልመጣ ነገር መጠበቅ አዲስ አይደለም ለእኔ፤ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የጠበቅኩት ነገር ሁሉ የማይመጣ ነበር። ይሄ ሊመጣ ይችላል። ያ ነው የከበደኝ።

ጀንበር ሳትጠልቅ መኪናው ደረሰ። ሹፌሩ ሣጥኑን ሲያቀብለኝ «እመቤቴ፣ ምንድነው? ወርቅ ነው?» አለኝ። «ቅቤ ነው» አልኩት።

አብርሃም ሆስፒታሉ ደጃፍ ጠበቀኝ። ካርቶኑን ከፍቶ ሙቀቱን በእጁ ጀርባ ሞከረ፤ ደስ አለው። ትንሽዬ ብልቃጥ ናት። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ጠብ የምታክል፣ ጥርት ያለች፣ በብርሃን ስታዩዋት ቢጫ የሚላት።

«ምንድነው ያለበት?» አልኩት።

አመነታ። «የሕፃኗ ደም ጥቂት ወደ እናቷ ሾልኮ ይሆናል። ይሄ መድኃኒት የቤተል ዘበኞች ሳያዩት፣ መልኩን ሳይዙት በፊት ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ልጅ አያውቁትም።»

«እሱ ገብቶኛል። ከምንድነው የተሠራው ነው ያልኩህ። ሻጭ ነኝ፤ ዕቃው ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ።»

«ከፕላዝማ» አለ። «ያንን መልክ ከሚያውቅ ሰው ፕላዝማ። ውጭ አገር ነው የሚያጠሉት። ከሚሰጡት ውስጥ እንደ እርስዎ ያሉ ሴቶች አሉ፤ ልጆቻቸውን በሾተላይ ያጡ።»

ብልቃጧን ያዝኳት። «ከእኔስ? ከእኔ ይሠሩ ነበር?» አልኩት።

«እዚህ አገር አይሠራም፣ እትዬ። ቢሠራ ግን... አዎ።»

«ያ ከረጢትስ?»

«ተወግዷል። ደንቡ ነው።»

ራሴን ነቀነቅሁ። በሩ ላይ ቆሜ «ቢጫው ነው ዕቃው» ብዬ ስጮህ ግማሽ ልክ ነበርኩ ማለት ነው። የማላውቃት ሴት፣ በማላውቀው አገር፣ ቢጫዋን አልጣለችም። የልጆቿን ትዝታ አጥልላ በበረዶና በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ቢጠና ላለች ልጅ ላከችላት። ስሟን ባውቅ ንጹሕ ቅቤ እልክላት ነበር።

ቤተል ስትወጋ እጄን ጨብጣ ነበር። «ያማል?» አለች። «ያማል» አልኳት። «ግን ለአንቺ ሳይሆን ለሚቀጥለው ልጅሽ ነው።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ የሰማሁት ከረፈደ በኋላ ነውና እናንተ በጊዜ ስሙኝ። ልጃችሁን ስትድሩ የጥሎሹን ዓይነት ስትቆጥሩ የደሟንም ዓይነት ጠይቁ። ኔጌቲቭ ከሆነች አትደንግጡ፣ ጠንቋይም አትፈልጉ፤ ለሐኪም ንገሩ፣ መርፌውን አስቀድማችሁ አፈላልጉ። ጽንስ ሳይደርስ ቢወጣም እንዲሁ ጠይቁ፤ የእኔ መጀመሪያ እሱ ነበር። ልጅ የሚሞትባትን ሴት ደግሞ ሆድሽ ይበላል አትበሏት። እኔ ደሜን ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ሌባ ስሸሸው ኖሬ ነው የታመነ መሆኑን የሰማሁት። አሁን ጊዜው ሲደርስ እየሄድኩ እሰጣለሁ። አብርሃም ቢጫውን ለብቻ ሲያደርግ ቆም ብዬ አየዋለሁ። ይህን ያህል ነው የምናገረው፤ የቀረው ለእኔና ለልጆቼ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ቅቤ ተራ ላይ አንዲት ወፈር ያለች ሴት፣ ልጅ እየጎተተች፣ ሌላ አዝላ መጣች። እስክትስቅ ድረስ አላወቅኋትም። ቤተል ናት። የታዘለው ወንድ ነው፤ የሚቀጥለው ልጅ።

እጄን ዘረጋሁ። ፈትታ ሰጠችኝ። ከዳሱ ጥላ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ያዝኩት። ዓይኑን ጨፈነብኝ፤ ጠበቅሁት፤ ከፈተ።

ነጭ ነው። እንደ ታጠበ ጥርስ ነጭ።

«አስቱ!» ብሎ ጮኸ ሸምሱ ከማዶ። «ምራቂው እንዳይረሳ!»

«ስንት ልስጥሽ?» አልኳት ቤተልን። ነገረችኝ። ሚዛኑ እዚያው አለ፣ ቅቤው እዚያው በኮባ ላይ አለ። ይህን ያህል ዓመት ስነግድ ሚዛኔን ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም።

«እዚያ ነው፤ ራስሽ መዝኚ» አልኳት። «ምራቂውንም ራስሽ ጨምሪ። የእኔ እጅ ተይዟል።»